ለጀማሪ 125 ወይስ 200 ሲሲ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ የምሠራው ከዚራ ነው። የሞተር መንጃ ፈቃድ በቅርቡ አወጣሁ። ጓደኞቼ «ከገዛህ አይቀር ጉልበት ያለውን 200 ሲሲ ግዛ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ለዚህ ምልልስ 125 ወይም 150 ሲሲ ይበቃሃል። ከመግዛትህ በፊት ላዩ ላይ ውጣና ቁጭ በል። ሁለቱም እግሮችህ መሬቱን በደንብ ይርገጡ። ባጃጅ ድንገት ፊትህ ሲቆም የሚያድንህ የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ እግርህና ፍሬንህ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ጠዋት ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ጎማውን በእጅህ ዳብስ። የድሬ ፀሐይ ላስቲክ ያደርቃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አሸዋው ነው። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካመጣ በኋላ አስፋልቱ ላይ ስስ አሸዋ ይቀራል። እኔ የወደቅኩት እዚያ ነው። በዝግታ እየታጠፍኩ ነበር። የፊት ፍሬን ስይዝ ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ጠባሳው ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። አሸዋ ስታይ ከመታጠፍህ በፊት ፍጥነት ቀንስ፤ ከገባህበት በኋላ የፊቱን ፍሬን አትንካ።

በሙቀት ሰበብ ሄልሜቱን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ እንዳትነዳ፣ አደራ። ከሞተሩ ዋጋ ቀንሰህም ቢሆን ፊት የሚሸፍን ሄልሜትና ጓንት ግዛ።

የደንገጎን ጠመዝማዛ ይዘህ ሐረር ለመውጣት አትቸኩል። መጀመሪያ ከምሳ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቀስ ብሎ መታጠፍን ተለማመድ።