የጠጋኟ ጠረጴዛ፦ «የልጅነቴ ማሪዮ የውሸት ነበር ወይ?»

ክረምት ሲገባ ጅማ ውስጥ ደብዳቤም ዕቃም ይበዛብኛል። ዝናቡ ልጆችን ቤት ያስቀምጣል፤ ቤት የዋለ ልጅ ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ የተረሳውን ካርቶን ማውረዱ አይቀርም። ከካርቶኑ የወጣው ነገር ዞሮ ዞሮ ኸርማታ ገበያ አጠገብ ካለችው የጥገና ቤቴ ይደርሳል። በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ተወልጄ ያደግሁት መንደራ ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ ያመጣልን የቴሌቪዥን ጌም ነበረን፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኛ ቤት ነበር የሚውለው። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዬ ‹እሱ እኮ ኔንቲዶ አይደለም፣ ቅጂ ነው› አለኝ። ከአልጋ ሥር አውጥቼ ባየው እውነትም ኔንቲዶ የሚል ጽሑፍ የለበትም። ካሴቱን ሳስገባ ደግሞ ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እንደዚያ የተጣላንበት ማሪዮ የውሸት ነበር ማለት ነው? ሊሠራስ ይችላል?» (የመንደራ ልጅ)

ወንድሜ፣ ባልደረባህ የነገረህ ግማሹን ነው። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ኔንቲዶ ፋሚኮም ያለውን ማሽን እዚያው ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1983 ነው። የነደፈውን ቡድን የመሩት ማሳዩኪ ኡዌሙራ የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው። ቅጂዎቹ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሠሪዎቹም ፈቃድ አልጠየቁም። የአንተን ማሽን ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈትተህ ብትከፍተው ወዲያው ትለየዋለህ። ዋናው ውስጥ ሥራው ለብዙ ቺፖች ተከፋፍሎ ታገኘዋለህ። ቅጂው ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ሁሉ ሥራ በአንዲት ቺፕ ላይ ተጠቃሎ፣ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ባለ ጥቁር ጠብታ ተሸፍኖ ነው የምታየው። ጠብታው የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ነው።

ማሪዮ ግን ማሪዮ ነው። ጨዋታው ያለው በካሴቱ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ መላ አካሉ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፦ 32ቱ ለፕሮግራሙ፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ዛሬ በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ይህን መቶ ጊዜ ሊያጥፈው ይችላል። በመንደራ ቤታችሁ የዘለለው ማሪዮ ጃፓን ውስጥ የተጻፈለትን ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው። ባለቤቶቹ ከዚያ ሽያጭ ድርሻቸውን አለማግኘታቸው ልክ አልነበረም፤ ይህን አልሸፋፍንም። የእናንተ ከሰዓት በኋላ ግን ውሸት አልነበረም።

በ8 ኪሎባይት ሥዕል ምን ያህል መቆጠብ እንደሚያስፈልግ የገባኝ አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። አንድ ደንበኛ ገመዱ የተቆረጠ ጌም ለጥገና ተወልን ሄደ። አባቴ ገመዱን በየደና «እስኪ ፈትሺው» አለኝ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሙዚቃው አይሰማም። አጠገባችን ካለው መጋዘን ቡና የሚለቅሙ እናቶች ልጆቻቸውን እኛ በር ላይ ያስጠልሏቸው ስለነበር፣ አንድ አንድ እያሉ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ። የሱቁ መፈተሻ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም ስለሌለው ሌላ ሰው የማያስተውለውን አየሁ፦ ሰማዩ ላይ ያለው ደመናና መሬቱ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ናቸው! አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለና ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እውነትም አንድ ሥዕል ነው፤ አንዴ ነጭ፣ አንዴ አረንጓዴ ቀለም እየቀቡት ሁለት ቦታ ይጠቀሙበታል። ይህን ሙያ የያዝኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ወደ ግራጫው ስክሪን እንመለስ። ማሽኑ በርቷል፣ ካሴቱን ግን ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። የካሴቱን አፍ ተመልከት፤ በሁለት ወገን ሠላሳ ሠላሳ፣ ባጠቃላይ 60 የመዳብ ጥርሶች አሉት። በጅማ እርጥበት እነዚህ ጥርሶች ይጠቁራሉ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ያወጣሉ። ሁላችንም እፍ እንልበት ነበር፤ ይሠራልም ነበር። የሚያሠራው ግን እስትንፋሳችን ሳይሆን ካሴቱን አውጥተን መልሰን መክተታችን ነው። ከአፋችን የሚወጣው እርጥበት ይልቁንም ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከእንግዲህ እፍ አትበል። ለስላሳ የእርሳስ ላጲስ ውሰድና ጥርሶቹን በርዝመታቸው ቀስ ብለህ ፈግፍግ፤ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጥረግ። ከዚያ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል አስነክተህ ጥጡ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም አብስ። አልኮሉ ውኃ ያልበዛበት ይሁን፤ ከተገኘ 90 በመቶና ከዚያ በላይ። አሥር ደቂቃ አድርቀውና ካሴቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አስገብተህ አውጣው። እኔ ዘንድ «ሞተ» ተብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ ከዚህ የዘለለ ሕክምና አልፈለጉም።

«ኮንትራ በሚባለው የተኩስ ጌም 30 ነፍስ የሚሰጠውን ቁልፍ ለታናሽ ወንድሜ ላሳየው ብዬ አፈርኩ። ቁልፉን በትክክል አስታውሰዋለሁ፣ ግን እምቢ አለኝ።» (ከቦሳ)

ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ስታርት። የመክፈቻው ገጽ ላይ ነው የሚነካው። የቅጂዎቹ ጆይስቲክ አራት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱ ሲነኩ ብዙ ጊዜ ደጋግመው የሚተኩሱ ናቸው። ከእነሱ አንዱን ከነካህ ማሽኑ «ቢ፣ ቢ፣ ቢ፣ ቢ» ብሎ ይሰማውና ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። የማይደጋግሙትን ተጠቀም። ካሴትህ ብዙ ጨዋታ ያጨቀ ከሆነ ደግሞ ኮንትራው መጀመሪያውኑ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን የቁልፍ ቅደም ተከተል የፈጠሩት ካዙሂሳ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ2020 አርፈዋል። ግራዲየስ የተባለውን ጨዋታ ለቤት ማሽን ሲያዘጋጁ ለመፈተሽ እንኳ ስለከበዳቸው ነበር ለራሳቸው ያበጁት።

«እትዬ፣ ለልጆቼ ባለ ሽጉጥ ጌም ገዛሁላቸው። ዳክዬዋ ትበራለች፣ ሽጉጡ ይጮኻል፣ ግን አንድም አይመታም። ሻጩ ሽጉጡን ሁለቴ ቀየረልኝ። ቴሌቪዥናችን አዲስ ነው፣ ጠፍጣፋ።» (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአጂፕ)

እኅቴ፣ ሽጉጡ አልተበላሸም። ሻጩንም አትውቀሺው፣ በቅን ልቡ ነው የቀየረልሽ። ሽጉጡ ምንም ነገር አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ዓይን ነው፣ ብርሃን ያያል። ልጅሽ ቃታውን ሲስብ ጨዋታው ስክሪኑን ለቅጽበት ያጠቁረዋል፣ ወዲያው ዳክዬዋ ባለችበት ነጭ ሳጥን ይስላል። ዓይኑ ከጨለማ ቀጥሎ ብርሃን ካየ «ተመታች» ይባላል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ ጥቂት ሃምሳኛዎች ውስጥ ነው። ጀርባው ጎላ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን የመጣለትን ሥዕል እዚያው ይረጨዋል። አዲሱ ግን ሥዕሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ነው የሚያሳየው። ነጩ ሳጥን ሲደርስ ጨዋታው አይቶ ጨርሷል።

መፍትሔው የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ዘመድ ቤት ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አይጠፋም፤ ለምኚ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልጆቹ ጀርባውን እንዳይከፍቱት። ባለ ቀለሙ ቴሌቪዥን ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ ይመነጫል፤ ከተነቀለም በኋላ የተጠራቀመው ይቆያል።

«አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በወጣትነታቸው ምዕራብ ጀርመን ግብርና ተምረው ነበር። ጅሬን ካለው ቤታችን ዕቃቸውን ስናስተካክል ቡናማ፣ ወፍራም የጽሕፈት መኪና የሚመስል ነገር አገኘን፤ ኮሞዶር 64 ይላል። ከባድ ጥቁር አዳፕተር፣ የራሱ ቴፕና አምስት ካሴቶች አብረውት አሉ። አንዱን ካሴት በኛ ቴፕ ስናጫውተው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ብቻ ነው። አንዱ ላይ በአባቴ እጅ ‹ቡና 3› ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ መብራት ላይ ሰክተን እንየው ይላል፣ እኔ ፈራሁ።» (የጅሬን ልጅ)

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ በራሕመቱ ይቀበላቸው። መፍራትሽ ማሽኑን ሳያድነው አይቀርም፤ እባክሽ ወንድምሽን ያዢልኝ።

በእጃችሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣና ምርቱ በ1994 ያበቃ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ኮምፒውተር ነው። እንዲህ በብዛት የተሸጠ አንድ ሞዴል በዘመኑ አልነበረም። ጀርመን ውስጥ በጣም ይወደድ ነበር። የምፈራው ኮምፒውተሩን ሳይሆን ጥቁሩን አዳፕተር ነው። ከእሱ ሁለት ነገር ይወጣል፦ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ። ውስጡ በጠንካራ ሙጫ ተሞልቷል፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሲያረጅ 5ቱ ቮልት ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚቃጠሉት የማስታወሻ ቺፖቹ ናቸው። ዛሬ በቴስተር ለክቶ ደኅና ነው ማለት አይበቃም፤ ከሞቀ በኋላ ሊከዳ ይችላል። ለጌጥ አስቀምጡት። አዲስ 5 ቮልት ቢያንስ 2 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተርና አንድ ትንሽ የ9 ቮልት ትራንስፎርመር አጣምሮ ምትክ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ሰው ልጁ ከአሜሪካ የላከለትን ጌም አመጣ። 120 ቮልት የሚለውን ጽሑፍ ሳላነብ በእኛ 220 ላይ ሰካሁት። ጢስ እንኳ አልወጣም፤ አንዲት ጥቅታ ብቻ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ። አባቴ አልተቆጣኝም። የሰውየውን ዋጋ ከኪሱ ከፈለና ያን አዳፕተር ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀለው። ዛሬም እዚያው ነው፤ ማንኛውንም ነገር ከመሰካቴ በፊት ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ፉጨቱን በተመለከተ፣ ያ ድምፅ የአባታችሁ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ወደ ድምፅ ተለውጦ ነው የሚቀመጠው፤ አጭርና ረጅም ምት እየተቀያየረ። እናንተ እንደ ፉጨት የሰማችሁትን ኮምፒውተሩ እንደ ፊደል ያነበዋል። ካሴቶቹን ከእንግዲህ በዚያ ቴፕ አታጫውቷቸው፤ ሪከርድ የሚለው ቁልፍ በስህተት ቢነካ የተጻፈው ይጠፋል። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሯቸው፤ ያኔ ማንም ሊቀዳበት አይችልም። በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉን እዩት፦ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ጨርሶ አታዙሩት፣ እንዳለ አምጡልኝ። ንጹሕ ከሆነ መጀመሪያ ድምፁን ሳይጨመቅ ወደ ዛሬ ኮምፒውተር እንገለብጠዋለን፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ቢበጠስ እንኳ ፕሮግራሙ ይተርፋል።

ሁሉም ከተሳካ ሰማያዊ ስክሪን ላይ በፈካ ሰማያዊ ፊደል «38911 ባይት ነፃ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ይመጣል። ከ64ቱ ኪሎባይት አባታችሁ ለመጻፍ የቀረላቸው ቦታ ያ ነበር፤ «ቡና 3»ን የጻፏት እዚያች ውስጥ ተጨብጠው ነው። «ቡና 1» እና «2» ከአምስቱ መካከል ካሉ ለይታችሁ አምጧቸው፤ በቅደም ተከተል ብናያቸው አባታችሁ ምን እየቀየሩ እንደሄዱ መስመር በመስመር ይታያል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ነኝ። ምትክ አዳፕተሩን እስከዚያ ሠርቼ እጠብቃችኋለሁ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ዝናብ ከያዘ ግን አትምጡ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይ።