ጥያቄና መልስ፦ ነፍሳት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በየትኛው ሆርሞን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ነፍሳት አስተምራለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ነፍሳት እንቁላላቸውን ጥለው የሚሄዱ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አብዛኞቹ ይሄዳሉ። ውሃ ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ግን እንቁላሉን እስኪፈለፈል በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር አለ፤ ተሸካሚውም አባትየው ነው።

ጥያቄ፦ «የእናትነት ሆርሞን» አላቸው?

መልስ፦ ይህን ስም አልወደውም። በብዛት የተጠናው ጁቬናይል ሆርሞን ነው፤ ከአንጎል በስተኋላ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ይመነጫል። እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያሳየው፣ ያላደገ ነፍሳት ቶሎ ወደ ጎልማሳነት እንዳይለወጥ የሚይዝ መሆኑን ነው። ጎልማሳው ላይ ሥራው ይለወጣል፦ አንዷ ዝርያ ልጆቿን ስትንከባከብ ከፍ ይላል፣ ሌላዋ ዘንድ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ከይርጋለም ነው የምጽፈው። ቀሳሚ ንቦቼ በፀረ ተባይ ርጭት አለቁ። ቀፎው ይተርፋል?

መልስ፦ ንግሥቲቱና ወጣቶቹ ደኅና ከሆኑ ተስፋ አለው። ሠራተኛ ንብ መጀመሪያ ቀፎ ውስጥ ሆና እጮችን ትመግባለች፤ ያን ጊዜ ሆርሞኑ ዝቅተኛ ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ከፍ ብሎ ወደ አበባ ትወጣለች። ቀሳሚ ሲጠፋ ወጣቶቹ ሆርሞናቸው ቀድሞ ይጨምርና ያለ ዕድሜያቸው ይወጣሉ። ሞግዚት ሲጠፋ ደግሞ አንዳንድ ቀሳሚዎች ወደ ምገባው ይመለሳሉ፤ ሆርሞናቸውም ይወርዳል። ሆርሞኑን ብቻውን አዛዥ አያድርጉት፤ ዕጢው የተወገደላቸው ንቦችም ዘግይተው ይሁን እንጂ ቀስመዋል። ለአሁኑ ቀፎውን ደጋግመው አይክፈቱ፤ ማሩንም አይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ቆላ ዝንብ ታጠባለች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የምታጠባው ግን ሆዷ ውስጥ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ ይዛ ከልዩ ዕጢ በሚወጣ ወተት ታሳድገዋለች፤ ብዙውን ጊዜ በየ9 ወይም 10 ቀኑ አንድ ትወልዳለች። በእርግዝናዋ ጁቬናይል ሆርሞን ይቀንሳል፣ ወተቱም ይመረታል። ከወለደች በኋላ ሆርሞኑ ከፍ ሲል ለቀጣዩ የሚሆን ስብ ታጠራቅማለች። ልጆቿ ጥቂት፣ ከወንድ ጋር የምትገናኘውም ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ እርሷን ለማጥፋት የመከኑ ወንዶችን መልቀቅ ያዋጣል፤ የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዝንቧ የጸዳችው ይህ ዘዴ ተጨምሮበት ነው።

ጥያቄ፦ እናትና አባት አብረው የሚያሳድጉስ?

መልስ፦ የምወዳት ጥንዚዛ አለች። በአውሮፓ የምትገኝ ሬሳ ቀባሪ ናት፤ ከወንዱ ጋር የሞተ አይጥ ወይም ወፍ ቀብረው እጮቻቸውን አፍ ለአፍ ይመግባሉ። የእርሷ ሆርሞን ሬሳውን ስታገኝ ወዲያው ይጨምራል፤ ከቆላ ዝንብ ተቃራኒ ማለት ነው። እጮቹ ትንንሽ ሳሉ ለጊዜው እንቁላል አትጥልም፤ ከዚሁ ሆርሞን ጋር የተያያዘ ሽታ ታወጣለች፣ ወንዱም ሽታውን ሲያገኝ ግንኙነት መሞከሩን ይተዋል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለበረሮዬ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሆርሞኑን የሚመስሉ ማጥፊያዎች አሉ። ጎልማሳውን ወዲያው አይገድሉም፤ ልጆቹ ግን በወጉ አድገው እንዳይዋለዱ ያደርጋሉ። ትዕግሥት ከሌለዎት አይግዟቸው።