የዋናተኛ ትከሻ ሕመም፦ ፑሽ አፕ ለምን አባሰው?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ተወዳዳሪ ዋናተኛ ነኝ፤ በሳምንት 5 ቀን በአብዛኛው ፍሪስታይል እዋኛለሁ። ከ2 ወር ወዲህ እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል። ይጠናከር ብዬ ፑሽ አፕና ፑል አፕ ብጨምር ጭራሽ ባሰብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መባሱ አይገርምም። በፍሪስታይል ውሃውን የሚስቡት የደረትና የጎን ጀርባ ትልልቅ ጡንቻዎች ክንድን ወደ ውስጥ ያዞራሉ፤ ፑሽ አፕና ፑል አፕም በአብዛኛው እነዚያኑ ነው የሚያፈረጥመው። ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት፣ የትከሻውንም ኳስ (የክንድ አጥንቱን ክብ የላይ ጫፍ) በቦታው የሚይዙት የኋላ ትንንሽ ጡንቻዎች ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ያኔ ኳሱ በትንሹ ወደ ላይ ይሸሽና ከበላዩ ያለውን ጅማት ከትከሻው ጣሪያ አጥንት ጋር ያፋትገዋል። የእርስዎም ሕመም ይህን ይመስላል፤ የሚረጋገጠው ግን በምርመራ ነው።

ለ2 ሳምንት ያህል የሚዋኙትን ርቀት በግማሽ ይቀንሱ። የእጅ ፓድል (መዳፍ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ፕላስቲክ) ጭነት ስለሚጨምር ይቅር። ኪክቦርድም (በእጅ ይዘው እግር የሚለማመዱበት ተንሳፋፊ ሰሌዳ) እንዲሁ፤ ክንድን ዘርግቶ በሚያመው ቦታ ያቆየዋል። የእግር ልምምዱን በጀርባዎ ተንጋለው፣ እጅዎን ከጎንዎ አድርገው ይሥሩ።

ዋናው ልምምድ የላስቲክ ነው። ላስቲኩን በክርንዎ ከፍታ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይሰሩትና ሌላውን ጫፍ በእጅዎ ይያዙ። ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው በክርንና በጎድን መሃል የተጠቀለለ ፎጣ ይያዙ፤ ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ሸሽቷል ማለት ነው። ክንድዎን ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያዙሩ፣ በ3 ሰከንድ ይመልሱ፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ከዋና በፊት ግን አያድርጉት፤ የደከመ ጡንቻ ኳሱን አይዝም። በተጨማሪ በመዳፍዎ ግድግዳ ተደግፈው፣ ክርን ሳያጥፉ፣ ትከሻዎን ብቻ ወደ ፊት እየገፉ ይመልሱ፤ ይህ ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት የሚይዘውን ጡንቻ ያሠራል። ሲያምዎት ያቁሙ።

ጓደኛ ክንድን ወደ ኋላ እየጎተተ የሚያፍታታው ነገር ይቅርብዎ፤ የብዙ ዋናተኞች ትከሻ ከፊት በኩል ሲጀመርም የላላ ነው።

አሰልጣኝዎ እጅዎ ውሃ ሲገባ የራስዎን መሃል መስመር ተሻግሮ፣ ወይም በአውራ ጣት ቀድሞ እንደሆነ ይይልዎት። ሁለቱም ጅማቱን ያስጨንቃሉ።

ማስታገሻ ውጦ መዋኘትን አልመክርም፤ ጉዳቱን ይሸፍናል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ፣ ክንድ ማንሳት አለመቻል ወይም ትከሻው የወለቀ ያህል መሰማት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። እነዚህ ባይኖሩም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካልተሻለዎት የአጥንት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመርምርዎት።