ብዕር ክረምትና በጋ የለውም፣ ካሜራ ግን አለው

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እኔና ጓደኛዬ ጅማ ነው ያደግነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት አንድ የወንጀል ኮሚክ በተከታታይ ስንሠራ ቆይተናል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ በጥቁር ቀለም ይሥላል። አሁን 6 ክፍል ደርሷል። ታሪኩ የአንድ ጡረተኛ መርማሪ ፖሊስ ነው። ከአንድ መጋዘን ሌሊት ሌሊት የሚጠፋውን ቡና ሲከታተል የገዛ ወንድሙ ደጃፍ ይደርሳል። በየገጹ ጨለማና ዝናብ አለ፤ ቀለም ያለው ቀዩ የቡና ፍሬ ብቻ ነው። አሁን በተዋናይ ፊልም ልናደርገው ተነስተናል፤ ያለን አንድ ካሜራ፣ ሁለት ላይትና ብዙ ጓደኛ ነው። ጓደኛዬ እያንዳንዱ ሳጥን፣ ማለትም በገጹ ላይ በመስመር የታጠረው እያንዳንዱ ሥዕል፣ ልክ እንደተሣለው ይቀረጽ ይላል። እኔ ደግሞ እንደዚያ ካደረግን የሚንቀሳቀስ ሥዕል እንጂ ፊልም አይወጣውም እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወንድሙ ደጃፍ የሚለው ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ታሪክ አላችሁ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

የጓደኛህ ሐሳብ ተሞክሮ የሠራ መንገድ ነው። ፍራንክ ሚለር የሣለውን «ሲን ሲቲ» ሮበርት ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ፊልም ሲያደርገው የኮሚኩን ገጾች እንደ ስቶሪቦርድ (ከቀረጻ በፊት እንደሚሣል የትዕይንት ዕቅድ) ነበር የተጠቀመባቸው። ሠዓሊውን አብሮኝ ዳይሬክት ያድርግ ብሎ የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንቡ አይፈቅድም ሲለው ከማኅበሩ ለቀቀ። ይህን ሰው ለዚህ ብቻ እንኳ እወደዋለሁ። ግን ልብ በል፣ ተዋናዮቹ የቆሙት አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ነው፤ አብዛኛው መንገድና ሕንፃ ኋላ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ሥዕሉን በመስመሩ መቅዳት የተቻለው ከተማው ራሱ እንደ ሥዕሉ ተደርጎ በኮምፒውተር የተሠራ ስለነበር ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» በጥቁርና ነጭ የተሣለ ኮሚክ ነው። ሳም ሜንዴስ በ2002 ፊልም ሲያደርገው በቀለም ቀረጸው፤ ካሜራማኑ ኮንራድ ሆል በሥራው ኦስካር ተሸለመ። እዚያ ውስጥ በዝናብ ሌሊት ሰዎች በጥይት የሚወድቁበት ትዕይንት አለ፤ የተኩሱ ድምፅ አይሰማም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ሊሠራው አይችልም።

ለእናንተ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተ እኮ ጅማ ውስጥ ናችሁ። የአዌቱ ድልድይ አመሻሽ ላይ፣ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች፣ ከዝናብ በኋላ የሄርማታ መርካቶ ጭቃ፣ መብራት ሲጠፋ ከየሱቁ የምትወጣው የሻማ ብርሃን፤ ይህን ሁሉ ትታችሁ ሥዕል ለመምሰል መድከም ያሳዝናል።

አሁን ወደሚያስቸግራችሁ ነገር ልምጣ። ጓደኛህ ቀይ የቡና ፍሬና ዶፍ ዝናብ አንድ ገጽ ላይ ይሥላል። ብዕር ወቅት አያውቅም። እናንተ ጋ ግን ከባዱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ቡናው ደግሞ በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ስለዚህ የዝናቡን ትዕይንት በክረምት፣ የፍሬውን በለቀማ ወቅት ልትቀርጹ ነው፣ ወይ ደግሞ አንዱን በውኃ ቱቦ ልትፈጥሩት ነው። የተዋናዩ ፀጉርና ጢም በነዚህ ወራት መሃል እንዳይለወጥ ካሁኑ ንገሩት። ዝናብ ከፊት ሲበራበት ካሜራ ላይ አይታይም፤ ከኋላ ሲበራበት ነው ጠብታው የሚያበራው። ከጀርባ ቆሞ የሚያበራ አንድ ባጃጅ ይበቃችኋል። ዝናቡ ባይመጣም መንገዱን በባልዲ አርጥቡት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወንጀል ፊልም ሠሪዎችም አስፋልቱን የሚያረጥቡት የመብራቱ ነጸብራቅ እንዲታይ ነበር።

ስለ ቀዩ ቀለም ጓደኛህን እደግፈዋለሁ፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀይ ፍሬና አረንጓዴ ቅጠል በጥቁርና ነጭ ሲታዩ ሁለቱም ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናሉ። ሥዕል ላይ ብዕሩ ለይቷቸዋል፤ ካሜራ አይለያቸውም። በቀለም ቅረጹ፣ ኤዲት ላይ ከቀዩ በቀር ሌላውን አጥፉት። ለተዋናዮቹም ቀይ ልብስ አታልብሱ። እኔ ብሆን ቀዩን በፊልሙ ሁሉ ሦስት ቦታ ብቻ አሳየዋለሁ፤ የመጨረሻው ወንድሙ መዳፍ ላይ።

እንግዲህ ሳጥኖቹ። ኮሚክ አንባቢውን የሚይዘው በሁለት ሳጥን መካከል ባለችው ነጭ ክፍተት ነው። አንዱ ሳጥን ላይ በሩን የያዘ እጅ አለ፣ ቀጣዩ ላይ መሬት የወደቀ ሰው። ገዳዩን በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባው አንባቢው ነው። ፊልም ስትሠሩ ያንን ክፍተት በሩጫና በትግል ለመሙላት እጃችሁን ይበላችኋል። አትሙሉት! እጁን አሳዩ፣ ቁረጡ፣ ከዚያ የመጋዘኑ ዘበኛ ሻይ ሲጠጣ አሳዩ። ለኮሚኩ ታማኝ መሆን የሚፈልገው ጓደኛህ በዚህ ላይ ድርቅ ቢል ደስ ይለኛል።

የተራኪውን ጽሑፍም ቀንሱ። ተመልካቹ ዝናቡን እያየ «ያን ሌሊት ዝናብ ነበር» መባል አያስፈልገውም። መርማሪው ስለ ወንድሙ የሚያስበውን፣ ፊቱ የማይናገረውን ብቻ አስቀሩ።

ድምፅ ላይ አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በዝናብ ሙሉ ሌሊት ቀርጼ ከንግግሩ አንድ ቃል እንኳ ሳይሰማ ቀርቷል። ንግግሩን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቅዱት፣ የዝናቡን ድምፅም ለብቻው።

ስድስቱንም ክፍል ባንዴ አትጀምሩ። ሮድሪጌዝም ሠዓሊውን ያሳመነው አንዲት አጭር ትዕይንት ቀርጾ በማሳየት ነው፤ ያቺው ትዕይንት የፊልሙ መክፈቻ ሆነች። እናንተም አራት ገጽ ምረጡ፤ አንዴ እንደተሣለው፣ አንዴ አንተ እንደምትለው ቅረጹና ሁለቱንም ኮሚኩን አንብቦ ለማያውቅ ሰው አሳዩ።

ጥያቄ፦ እኔም ከዚያው ከጅማ ነኝ። የሣልኩትን የወንጀል ኮሚክ አንድ ዘመዴ ፊልም ሊያደርገው ነው። ፊልሙ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ ብሎኛል፣ ወረቀት ግን የለንም። ዘመድን ፈርሚ ማለት ነውር አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመቀየር መብት የሠሪው ነው፤ ያንቺ ማለት ነው። ቀረጻ ሳይጀመር በጽሑፍ ተዋዋሉ። ሰጠሁ የምትይው ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ለአንድ ፊልም ብቻ ይሁን ለተከታታይም፣ ፊልሙ ሳይሸጥ ቢቀር ምን እንደምታገኚ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ካልተሠራ መብቱ እንደሚመለስልሽ ይጻፍ። «ሲሸጥ» ብቻ ከሆነ የማይሸጥበት ቀንም አለ። ነውር ከከበደሽ ሁለታችሁም የምታከብሩትን የቤተሰብ ሽማግሌ ምስክር አድርጊው፣ ነገሩ ይለሰልሳል። ስምሽ ፊልሙ ሲጀምርና ፖስተሩ ላይ የት እንደሚቀመጥም አብሮ ይጻፍ።