የድሮ ቤት የመብራት መስመር ለማስቀየር ስንት ይፈጃል? ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት በመብራት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ስለ ድሮ ቤት መስመር ቅየራ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ በደርግ ጊዜ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል። ሙሉውን ላስቀይር?

መልስ፦ አቅምህ ካልፈቀደ ከወጥ ቤቱ ጀምር። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በድሮ ቤት ብዙ ጊዜ የማገኘው ግን ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀጭን ሽቦ ነው። እንጀራው እስኪያልቅ ሲግል ይውላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ሶኬት ፈትቼ ሽቦውን ሳጥፈው ላስቲኩ እንደ ድርቆሽ ተሰባበረ። ከኋላው ያለው የግድግዳው ጭድ ጠቁሯል። ቤተሰቡ እዚያው ክፍል ነበር የሚተኛው። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሥር የራሱን መስመር ወፈር ባለ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አስዘርጋለት፤ ብሬከሩም (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው) ለብቻው ባለ 20 አምፔር ይሁን።

ጥያቄ፦ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ለእናቴ ቤት ስንት ልላክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤቱን ሳላይ ቁጥር ብጠራልሽ መዋሸት ነው። ባለሙያው ሄዶ ማብሪያና ሶኬቱን ይቁጠር። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ይጻፍልሽ። ሰው የሚረሳው ልስንና ቀለሙን ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ ከተቦረቦረ ወጪው እዚያ ላይ ያብጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮው ቱቦ ይታይ። ደህና ከሆነ አሮጌው ሽቦ ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ በዚያው ይገባል፤ ግድግዳው አይነካም። መዳቡ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የሽቦ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በአምና ዋጋ ማስላት አይሆንም። የዕቃውን ብር በአንድ ጊዜ ላኪና ይገዛ።

ጥያቄ፦ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ከፍ ያለ ላስገባ?

መልስ፦ በፍጹም! የሚወርደው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ሽቦ አየሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ተወው።

ጥያቄ፦ ወጪው እንዲቀንስ ግራውንዱ ቢቀርስ?

መልስ፦ እሱ አይቀርም። ከምጣዱ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ እሱ ነው። የሚጋግር ሰው እጁ በሊጥ እርጥብ ነው፤ የምጣዱ አካል ደግሞ ብረት ነው። ከቀለሙ ቀንሱ።