የምትወዱትን ሙያ መተዳደሪያ ስታደርጉ፣ መመለሻውንም አስቡበት

በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን ከቋሚ ሥራችን ጎን ለጎን የምንወደው አንድ ነገር አለን፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ልብስ የሚነድፍ፣ ከሥራ መልስ ኪቦርድ የሚጫወት አለ። ውሎ አድሮ ወዳጅ ዘመድ «እንዲህ ያለ ሙያ ይዘህ ለምን አትሠራበትም?» ማለት ይጀምራል። እኔ ለዓመታት በሠርግ ፎቶግራፍ ስተዳደር ቆይቼ ዛሬ ካሜራዬን የማነሣው ለራሴ ደስታ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ መሄጃውም ስለ መመለሻውም የማውቀውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አስቀድማችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ምን እንደሚፈቅድ አጣሩ። በተማሪነት ወይም በአንድ ቀጣሪ ስም በተሰጠ ቪዛ የምትኖሩ ከሆነ፣ በግላችሁ ሠርታችሁ የምትቀበሉት ጥቂት ገንዘብ እንኳ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። ግብሩም ከወዲሁ ይታሰብበት። በአሜሪካ በግሉ የሚሠራ ሰው ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሕክምና መድን) በ15.3 በመቶ የሚሰላ ክፍያ አለበት፤ ተቀጣሪ ሳለ ግማሹን የሚችልለት ቀጣሪው ስለነበር፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው ዓመት ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው አገር ከአምስት ዓመት በሦስቱ ያተረፈ ሥራ ለትርፍ እንደሚሠራ ይገመታል፤ ያላተረፈ ግን ወጪውን ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ለማስቀነስ ለትርፍ እንደሚሠራ ማስረዳት ሊጠበቅበት ስለሚችል፣ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዝ።

ገቢው መስመር ከያዘ በኋላ የሚመጣው ፈተና ግን ብዙም አይወራለትም። ከአንድ ቅዳሜ ሠርግ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይዞ መመለስ የተለመደ ነው፤ ከዚያም ዓይኑን የጨፈነውን እየጣሉ፣ የአዳራሹ መብራት ቢጫ ያደረገውን ፊት እያስተካከሉ ሳምንቱን ማምሸት አለ፤ ቀሪ ክፍያ መጠየቅ፣ «እናቴ ያለችበት ፎቶ የለም ወይ?» ለሚል ሙሽራ እንደገና መፈለግ አለ። ከዚህ ሁሉ ካሜራው ዓይን ላይ የሚቆየው ጥቂቱን ጊዜ ነው። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ መሣል የሚወዱ ሕፃናት ከሣሉ እንደሚሸለሙ አስቀድሞ ሲነገራቸው፣ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው የሚሥሉት ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በአዋቂም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ስላየሁ፣ የሙያችሁን አንድ ክፍል ከገበያ ውጭ እንድታቆዩ አጥብቄ እመክራለሁ። እኔ በእግሬ እየዞርኩ የማነሣቸውን የመንገድ ፎቶዎች ለማንም ሸጬ አላውቅም፤ የሠርጉን ሥራ ሳቆም ወደ ካሜራው የመለሱኝም እነርሱ ናቸው።

መመለስን በአብዛኛው የሚያከብደው የሰው ወሬ ነው፤ «አልተሳካለትም» መባልን የሚፈራ ሰው ፍቅሩ ካለቀ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱም፣ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራቸው እንደገና ታትሞ የዓለም መድረክ ሲከፈትላቸው እጃቸው አልቦዘነም ነበር። ሙያው እንጀራ ባልሆነባቸው ዓመታት ሙዚቀኛነታቸው ቀርቶ ነበር የሚል ያለ አይመስለኝም።

ስትመለሱ በሥርዓት ተመለሱ። ቀብድ የተቀበላችሁበትን ሥራ ጨርሱ፣ ካልቻላችሁም ገንዘቡን መልሱ፤ ደንበኞቻችሁን ወደምታምኑት ባለሙያ ምሩ፤ የመጨረሻውን ዓመት ግብር አሳውቁ። ዕቃችሁን ለመሸጥ ግን አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማየቱ እንኳ ሊያስጠላችሁ ይችላል፣ ይህ ግን ከድካም የሚመጣና የሚያልፍ ስሜት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው «እንግዲያው ለእኛ በነፃ አንሣልን» የሚለው የወዳጅ ጥያቄ ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በትሕትና እምቢ በሉና በእንግድነት ብቻ ተገኙላቸው።