ለአሮጌው ኤስ5 ሊኒጅ ኦኤስ ይሻለዋል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አክስትህ ከአሜሪካ ያመጣችልህ ጋላክሲ ኤስ5 እየተንቀራፈፈ ነው፤ ፕሌይ ስቶርም አንዳንዱን አፕ ለዚህ ስልክ አይሆንም እያለ ይመልስሃል። ሊኒጅ ኦኤስ (የሳምሰንጉን ሶፍትዌር የሚተካ ነፃ የአንድሮይድ ዓይነት) ብጭንበት ይሻለዋል ወይስ ጭራሽ ገድዬው አርፋለሁ ነው ያልከው። እኔም በኤስ5 ላይ ሊኒጅ ጭኜ ስጠቀም ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ምንም ነገር ዳውንሎድ ከማድረግህ በፊት የጀርባ ክዳኑን ክፈትና ባትሪውን አውጣ። ስሩ ያለው ተለጣፊ ላይ የሞዴል ቁጥሩ ተጽፏል። ሁሉም ጂ900 ነው፤ ነገሩን የምትወስነው ከኋላ የምትከተለው ፊደል ናት። ኤፍ ከሆነች ዓለም አቀፉ ሞዴል ነው፣ እሰየው። ቲ ከሆነች የቲ-ሞባይል ነው፣ እሱም ችግር የለበትም። ኤ ከሆነች ግን የኤቲ ኤንድ ቲ ስልክ ነው፤ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ተቆልፏልና አትድከም። እዚህ ብዙ ሰው ይምታታበታል፦ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ስለተቀበለ ስልኩ ክፍት ይመስለዋል። ሲም መቀበሉ ሌላ፣ ቡትሎደሩ መከፈቱ ሌላ። ኤች ከሆነች ደግሞ መልኩ ኤስ5 ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ኤክሲኖስ ነው። በስናፕድራገን ፕሮሰሰር ለሚሰሩት ለሌሎቹ የተሰራው ሮም (ስልኩ ላይ የሚጫነው ሙሉ ሲስተም) አይሆነውም።

ባትሪውን ካወጣህ አይቀር ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ በጣትህ አሽከርክረው። ያለ ችግር ከዞረ አብጧል ማለት ነው፤ ቀይረው። ቻርጅ ቶሎ የሚያልቅብህ በዚህ ከሆነ የትኛውም ሮም አያድንህም።

አሁን ምን ታተርፋለህ? ሳምሰንግ ይህን ስልክ በአንድሮይድ 6.0.1 ላይ ትቶታል። ሊኒጅ በይፋ እስከ 18.1 ወጥቶለታል፤ እሱም አንድሮይድ 11 ነው። ስለዚህ እምቢ ያሉህ አፖች አብዛኞቹ ይገቡልሃል። ፍጥነቱን ግን ብዙ አትጠብቅ። የሳምሰንግ ኮተት ስለሚወገድ መጀመሪያ ላይ ቀለል ይላል፤ ራሙ ግን ያው 2 ጊጋ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ አንድ ላይ ከከፈትክበት ያው ማንቀራፈፉ አይቀርም። የእኔ ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብና ለሆትስፖት ነው የሚያገለግለው፤ ለዚያ አንጀቴን አርሶታል።

ከወሰንክ በላፕቶፕ ስራው፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። በዴስክቶፕ ፍላሽ እያደረግክ (አዲሱን ሲስተም እየጫንክ) መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ጣጣ ነው። ፋይሎቹ ተደምረው ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሚሆኑ የሌሊት ፓኬጅ ይሻልሃል። ኔትወርክ ተቆራርጦ ከወረደም ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ኮድ) ሳታመሳክር እንዳትጭነው። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፎቶህን፣ ስልክ ቁጥሮችህን አስቀድመህ አውጣ።

መጀመሪያ የሚገባው ትዊርፕ የሚባለው ሪከቨሪ ነው፤ ሪከቨሪ ማለት ሲስተም ለመጥረግና ለመጫን የሚያገለግል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኦዲን በሚባለው የሳምሰንግ ስልክ መጫኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚጫነው። ስልኩ ዳውንሎድ ሞድ እንዲገባ፣ አጥፍተህ ድምጽ መቀነሻውን፣ ሆምንና ፓወርን አንድ ላይ ተጫን። ኦዲን ላይ ኦቶ ሪቡት የሚለውን ራይት ማጥፋት አትርሳ። ካልጠፋ ስልኩ ራሱ ይነሳና የድሮውን ሪከቨሪ ይመልስብሃል፤ ብዙ ሰው አልሰራልኝም የሚለው እዚህች ጋ ነው። ኦዲን ፓስ ሲልህ ኬብሉን ንቀል፣ ባትሪውን አውጥተህ መልስ፣ ከዚያ ድምጽ መጨመሪያውን፣ ሆምንና ፓወርን ይዘህ በቀጥታ ትዊርፕ ግባ። ስልኩ መነካካቱን የሚመዘግበው ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ ቆጣሪ ከዚህ በኋላ 0x1 ይሆናል፤ ተመልሶም 0 አይሆንም። ዋራንቲው ካለቀ ስልክ ላይ ይህ አያሳስብህ።

ትዊርፕ ከገባህ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት ኢኤፍኤስ የሚለውን ክፍል ባክአፕ አድርገህ ኮምፒውተር ላይ ገልብጠው። አይኤምኢአይ ቁጥርህን፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ የያዘው እሱ ነው። እሱ ከተበላሸ ስልኩ ይበራል፣ ዋይፋይም ይሰራል፤ ኔትወርክ ግን የለህም። ሮም ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፤ የዚህን ፋይል ምትክ ግን ከየትም አታወርደውም። ለዚህ ነው ለማያውቁት የስልክ ሱቅ ሰጥቶ ፍላሽ አድርግልኝ ማለት የማይመቸኝ። ባክአፕ ወስዷል አልወሰደም በምን ታውቃለህ?

ከዚያ ያለው ቀላል ነው። የድሮውን ጠርገህ ሮሙን ትጭናለህ። ፕሌይ ስቶር ከፈለግክ ጂአፕሱን (የጉግል አፖችን ጥቅል) እዚያው ወዲያው አስከትል፣ ስልኩ መጀመሪያ ከመነሳቱ በፊት። ጂአፕሱ በፕሮሰሰር ዓይነት ተለይቶ ስለሚመጣ ለዚህ ስልክ ኤአርኤም የሚለውን ምረጥ፤ ኤአርኤም64 አይሆነውም። መጀመሪያ ሲነሳ ክቧ መስመሩ ላይ ስትንሸራተት ረዘም ላለ ጊዜ ታያለህ። ሩብ ሰዓትም ቢሆን ታገስ። ከዚያ ካለፈ ባትሪውን ንቀልና ሪከቨሪ ገብተህ እንደገና ጠርገህ ጫነው። ባትሪው የሚወጣ ስልክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሩት እንዳታደርገው፤ ሩት ማለት የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ የማዘዝ ፈቃድ መክፈት ነው። ሮምና ሩት አንድ አይደሉም፤ ሊኒጅ ሲጫን ሩት ሆኖ አይመጣም፣ ላንተም አያስፈልግህም። እንዲያም ሆኖ የባንክ አፖች አንዳንዶቹ እንዲህ የተነካካ ስልክ ላይ አልከፈትም ይላሉ። በሞባይል ባንክ ገንዘብ የምታንቀሳቅስ ከሆነ ያንን በሌላው ስልክህ ላይ አቆየው። ካሜራውም የሳምሰንግን ያህል አይሆንልህም፤ በተለይ ማታ ላይ።

የፊደሏን ነገር አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ። ኤፍ ወይም ቲ ከሆነች የትኛውን ፋይል እንደምትወስድ አሳይሃለሁ።